ከፋፍሎ ኢንቴግራል የመሥራት ዘዴ፦ ከየት መጣ? እንዴትስ እናስተምረው?

መግቢያ

ሞያሌ በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ የምትገኝ፣ በአንድ ስም የምትጠራ፣ ነገር ግን በሁለት መንግሥታት የምትተዳደር ከተማ መሆኗ ይታወቃል። ከድንበሩ ወዲህ የሚኖረው ልጅ በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት፣ ከድንበሩ ወዲያ የሚኖረው የአጎቱ ልጅ ደግሞ በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ይማራል። ሁለቱ ልጆች በበዓል ቀን ተገናኝተው ደብተራቸውን ቢያስተያዩ በሒሳብ ትምህርት በኩል አንድ ልዩነት ማግኘታቸው አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1985 በኬንያ ሥራ ላይ በዋለው የ8-4-4 ሥርዓት የተማረ የፎርም አራት ተማሪ ስለ ኢንቴግራል መሠረታዊ ትምህርት ያገኛል። ሆኖም የሚሠራቸው ጥያቄዎች እንደ 3ቀ² + 2ቀ ባሉ ፖሊኖሚያሎች የተወሰኑ ናቸው። በኢትዮጵያ በኩል ግን ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የሁለት ፈንክሽኖችን ብዜት ከፋፍሎ ኢንቴግራል የመሥራት ዘዴ ተካትቶ ነበር። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ተማሪ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲገባ ዘዴው እንደ ደራሽ ውሃ ድንገት ይመጣበታል። ሁለተኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀመሩን ለፈተና ሲል በቃሉ ይዞት ይገኛል። ሁለቱም «ይህ ቀመር ከየት መጣ? የመቀነስ ምልክቱስ ለምን ገባ?» ተብለው ቢጠየቁ ዝም ማለታቸው አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ሲያስተምር አንድ ሠልጣኝ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶበት ነበር። ሠልጣኙ ቀመሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ አንዳች ስሕተት ከጻፈ በኋላ ዞር ብሎ፣ «መምህር፣ ተማሪ ለምን ትቀንሳለህ ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ምክንያቱን ያላወቀ መምህር ቀመሩን ከማስጻፍ በቀር ሊያስተምረው አይችልም።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሚሞከረው ዘዴው አዲስ ነገር ሳይሆን የብዜት ዴሪቬቲቭ ሕግ ወደ ኋላ ሲነበብ የሚገኝ መሆኑን ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ቀመሩን ቢረሳው እንኳ በሁለት መስመር ራሱ ሊያወጣው ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመልስ መጽሐፍ ወይም አስጠኚ በሌለበት ቦታ የሠራውን ራሱ ሊያርም ይችላል።

የምንጠቀምባቸው ምልክቶች

ተለዋዋጩን ቁጥር «ቀ» እንለዋለን። «ሀ» እና «ለ» በቀ ላይ የተመሠረቱ ሁለት ፈንክሽኖች ናቸው። ሀ′ ማለት የሀ ዴሪቬቲቭ ነው። «∫ … ድቀ» ማለት ደግሞ በቀ አንጻር ኢንቴግራል መሥራት ማለት ነው። «ኤ» የታወቀው 2.718… የሆነው ቁጥር፣ «ሎግ» በዚሁ ቁጥር ላይ የተመሠረተው ሎጋሪዝም፣ «^» የርቢ ምልክት፣ «ቋ» ደግሞ ማናቸውም ቋሚ ቁጥር ነው። ስለዚህ ኤ^ቀ ሲባል የኤ ርቢ ቀ ነው ማለት ነው።

1. የተለመደው ስሕተት

የሚከተለውን ጥያቄ እንመልከት፦

∫ ቀ · ኮሳይን ቀ ድቀ = ?

ዘዴውን ያልተማረ ተማሪ ሁለቱን ተባዢዎች ለየብቻ ኢንቴግራል ይሠራና ውጤታቸውን ያባዛል። የቀ ኢንቴግራል ቀ²/2፣ የኮሳይን ቀ ኢንቴግራል ሳይን ቀ ስለሆነ መልሱ (ቀ²/2) · ሳይን ቀ ነው ይላል። መልሱ ትክክል ከሆነ ዴሪቬቲቩ ሲወሰድ ወደ ቀ · ኮሳይን ቀ መመለስ ነበረበት። ሲወሰድ ግን የሚገኘው፦

ቀ · ሳይን ቀ + (ቀ²/2) · ኮሳይን ቀ

ነው። ይህ ከተነሣንበት ጋር ምንም አይገናኝም። እንግዲህ መልሱ ስሕተት ነው።

ተማሪው ይህን ስሕተት በመፈጸሙ ሊሳቅበት አይገባም። ካልኩለስን ካቋቋሙት ሁለት ታላላቅ ሰዎች አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ጎትፍሪድ ላይብኒዝ እንኳ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1675 በግል ማስታወሻው ውስጥ የብዜት ለውጥ የለውጦቹ ብዜት ይሆን እንደሆነ ራሱን ጠይቆ ነበር። በምሳሌ ከፈተነው በኋላ ግን እንዳልሆነ ተገነዘበ። ትክክለኛውን ሕግም እ.ኤ.አ. በ1684 ባሳተመው ጽሑፍ ለዓለም አሳወቀ። ∫ የሚለውን ምልክት የጻፈውም እርሱ ሲሆን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1675 ነበር። ምልክቱ «ሱማ» ማለትም ድምር ከሚለው የላቲን ቃል የመጀመሪያ ፊደል የተወሰደ ነው። ከተማሪ የሚጠበቀውም ላይብኒዝ ያደረገውን ማድረግ ነው፦ መገመት፣ ከዚያም ግምቱን መፈተን።

2. የፍየል ነጋዴው ሒሳብ

የብዜት ለውጥ ለምን ሁለት ክፍል እንዳለው ለማስረዳት እንደ ሞያሌ ባለ የከብት ገበያ ከሚታየው የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አንድ ነጋዴ 10 ፍየሎች አሉት እንበል። የአንዱ ዋጋ 5,000 ሽልንግ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ፍየሎቹ 12 ሆኑ፤ ዋጋውም 6,000 ሽልንግ ሆነ። በሦስተኛው ገበያ ፍየሎቹ 15፣ ዋጋው 6,500 ሽልንግ ሆነ። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው።)

ነጋዴው መጀመሪያ የነበረው ሀብት 10 × 5,000 = 50,000 ሽልንግ ነው። በመጨረሻ ያለው 15 × 6,500 = 97,500 ሽልንግ ነው። ሀብቱ በ47,500 ሽልንግ አድጓል ማለት ነው። ይህ ዕድገት ከየት መጣ?

አንደኛ፣ ዋጋ በመጨመሩ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ 10ሩ ፍየሎች እያንዳንዳቸው በ1,000 ሽልንግ ስለጨመሩ 10,000 ሽልንግ፤ በሁለተኛው ጊዜ 12ቱ ፍየሎች እያንዳንዳቸው በ500 ሽልንግ ስለጨመሩ 6,000 ሽልንግ፤ በድምሩ 16,000 ሽልንግ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ቁጥር በመጨመሩ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ 2 አዳዲስ ፍየሎች በ6,000 ሽልንግ ሲታሰቡ 12,000 ሽልንግ፤ በሁለተኛው ጊዜ 3 አዳዲስ ፍየሎች በ6,500 ሽልንግ ሲታሰቡ 19,500 ሽልንግ፤ በድምሩ 31,500 ሽልንግ ይሆናል።

16,000 + 31,500 = 47,500። ሒሳቡ ልክ መጣ።

አሁን ነጋዴው ሁለተኛውን ክፍል መቁጠር ቢያታክተው ምን ያደርጋል? ጠቅላላውን ዕድገት ያውቃል፤ የመጀመሪያውንም ክፍል ቆጥሯል። ስለዚህ 47,500 − 16,000 = 31,500 ብሎ ያገኘዋል። የሠልጣኙ ጥያቄ መልስ ይህ ነው። የመቀነስ ምልክቱ የገባው ከጠቅላላው ላይ የታወቀውን ክፍል አንሥተን የቀረውን ለማግኘት ነው። ከፋፍሎ ኢንቴግራል የመሥራት ዘዴ ማለት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አስቸጋሪውን ክፍል ከመቁጠር ይልቅ ቀላሉን ክፍል ቆጥሮ ከጠቅላላው መቀነስ ነው።

አንድ ነጥብ ግን መታየት አለበት። ከላይ ነባሮቹን ፍየሎች በቀድሞው ቁጥር፣ አዳዲሶቹን በአዲሱ ዋጋ ነበር ያሰብነው። አዲሶቹ በቀድሞው ዋጋ ቢታሰቡስ? በመጀመሪያው ጊዜ ልዩነቱ 2 × 1,000 ማለትም የሁለቱ ለውጦች ብዜት ይሆናል። ለውጦቹ ትንንሽ ሲሆኑ ይህ ብዜት ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። ለምሳሌ እያንዳንዱ ለውጥ 0.01 ቢሆን ብዜታቸው 0.0001 ብቻ ነው። በካልኩለስ ለውጦቹ ወደ ዜሮ ስለሚጠጉ ይህ ልዩነት ይጠፋል፤ የሚቀሩትም ሁለቱ ክፍሎች ብቻ ናቸው፦

(ሀ · ለ)′ = ሀ′ · ለ + ሀ · ለ′

3. ቀመሩን ማውጣት

የዚህን እኩልታ ግራና ቀኝ ኢንቴግራል ብንሠራ፣ በግራ በኩል ዴሪቬቲቩና ኢንቴግራሉ ስለሚጣፉ ሀ · ለ ብቻውን ይቀራል፦

ሀ · ለ = ∫ ሀ′ · ለ ድቀ + ∫ ሀ · ለ′ ድቀ

ከዚህ ላይ አንዱን ወደ ግራ ብናሻግረው የሚከተለውን እናገኛለን፦

∫ ሀ · ለ′ ድቀ = ሀ · ለ − ∫ ሀ′ · ለ ድቀ

ቀመሩ ይኸው ነው። ዘዴውን በመጽሐፍ በማሳተም ስሙ የሚነሣው እንግሊዛዊው ብሩክ ቴይለር ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1715 ነው።

ቀመሩ ኢንቴግራሉን ሠርቶ እንደማይጨርስ ተማሪው ልብ ሊለው ይገባል። በቀኝ በኩል አሁንም ሌላ ኢንቴግራል አለ። ዘዴው የሚያደርገው አንዱን ጥያቄ በሌላ መለወጥ ነው። ጥቅም የሚኖረውም አዲሱ ጥያቄ ከፊተኛው የቀለለ ሲሆን ብቻ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ሀ = ቀ፣ ለ′ = ኮሳይን ቀ ብለን እንውሰድ። ስለዚህ ሀ′ = 1፣ ለ = ሳይን ቀ ይሆናል። በቀመሩ ውስጥ ስናስገባቸው፦

∫ ቀ · ኮሳይን ቀ ድቀ = ቀ · ሳይን ቀ − ∫ ሳይን ቀ ድቀ
= ቀ · ሳይን ቀ + ኮሳይን ቀ + ቋ

ማረጋገጫ፦ የውጤቱ ዴሪቬቲቭ ሳይን ቀ + ቀ · ኮሳይን ቀ − ሳይን ቀ ነው። ሁለቱ ሳይኖች ይጣፋሉና ቀ · ኮሳይን ቀ ይቀራል። ልክ ነው።

4. የትኛውን «ሀ»፣ የትኛውን «ለ′» እንበል?

የዘዴው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ባለው ጥያቄ ምርጫውን አገላብጠን ሀ = ኮሳይን ቀ፣ ለ′ = ቀ ብንል ኖሮ፦

(ቀ²/2) · ኮሳይን ቀ + ∫ (ቀ²/2) · ሳይን ቀ ድቀ

እናገኝ ነበር። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ቀ የነበረው ቀ² ሆኖ ጥያቄው ብሶበታል። ተማሪው እንዲህ ሲሆን ባየ ጊዜ «ተሳሳትኩ» ብሎ ተስፋ ከመቁረጥ ይልቅ «ምርጫዬን ልለውጥ» ማለትን መልመድ አለበት።

ከመምረጥ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይበቃል፦

ሀ) «ለ′» ያልኩትን ኢንቴግራል ልሠራው እችላለሁን?
ለ) «ሀ» ያልኩት ዴሪቬቲቩ ሲወሰድ ይቀላልን?

ብዙ መምህራን ለተማሪዎቻቸው አንድ የቅደም ተከተል ደንብ ያስጠናሉ። ደንቡ ኸርበርት ካሱቤ የተባሉ የሒሳብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1983 በአንድ የአሜሪካ የሒሳብ መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ ይታወቃል። በዚህ ደንብ መሠረት «ሀ» ለመሆን ቅድሚያ የሚሰጠው ለሎጋሪዝም ነው። ቀጥሎ የትሪጎኖሜትሪ ግልባጮች፣ ከዚያ እንደ ቀ² ያሉት የአልጀብራ ፈንክሽኖች፣ ከዚያ ሳይንና ኮሳይን፣ በመጨረሻም ኤ^ቀ ይመጣሉ። የደንቡ ምክንያት ግልጽ ነው። ሎጋሪዝም ዴሪቬቲቩ ሲወሰድ 1/ቀ ሆኖ በጣም ይቀላል፤ ኤ^ቀ ደግሞ ኢንቴግራሉ ራሱ ስለሆነ «ለ′» ቢሆን አያስቸግርም።

ደንቡ ጠቃሚ ቢሆንም ሕግ አይደለም። ለምሳሌ ∫ ቀ³ · ኤ^(ቀ²) ድቀ ቢሰጥ፣ ደንቡን እንደ ወረደ የሚከተል ተማሪ ሀ = ቀ³፣ ለ′ = ኤ^(ቀ²) ይላል። ይሁን እንጂ ኤ^(ቀ²) በምናውቃቸው ፈንክሽኖች የሚጻፍ ኢንቴግራል የለውም። እዚህ ላይ ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች መመለስ ይጠቅማል። ቀ · ኤ^(ቀ²) ግን በመተካት ዘዴ በቀላሉ ይሠራል፤ ኢንቴግራሉም ½ኤ^(ቀ²) ነው። ስለዚህ ቀ³ን ቀ² · ቀ ብለን ከፍለን ሀ = ቀ²፣ ለ′ = ቀ · ኤ^(ቀ²) ብንል፦

∫ ቀ³ · ኤ^(ቀ²) ድቀ = ½ቀ² · ኤ^(ቀ²) − ∫ ቀ · ኤ^(ቀ²) ድቀ
= ½(ቀ² − 1) · ኤ^(ቀ²) + ቋ

እንግዲህ ደንቡን የምናስተምረው ከምክንያቱ ጋር መሆን አለበት። ምክንያቱን የያዘ ተማሪ ደንቡ በማይሠራበት ቦታም መንገድ አያጣም።

5. ብዜት የማይመስል ብዜት

∫ ሎግ ቀ ድቀ ሲሰጥ ብዙ ተማሪዎች «እዚህ አንድ ፈንክሽን ብቻ ነው ያለው፤ ምኑን እንከፍላለን?» ይላሉ። ማንኛውም ነገር በ1 ቢባዛ እንደማይለወጥ ማስታወስ በቂ ነው። ሀ = ሎግ ቀ፣ ለ′ = 1 እንበል። ሀ′ = 1/ቀ፣ ለ = ቀ ይሆናል፦

∫ ሎግ ቀ ድቀ = ቀ · ሎግ ቀ − ∫ (1/ቀ) · ቀ ድቀ
= ቀ · ሎግ ቀ − ቀ + ቋ

ይህንን በሥዕል ማሳየት ለክፍል ውስጥ ትምህርት እጅግ ይረዳል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በአግድሙ መስመር ከ0 እስከ ኤ፣ በቁሙ መስመር ደግሞ ከ0 እስከ 1 የሆነ ሬክታንግል ይሣል። ስፋቱ ኤ × 1 = 2.718 ገደማ ነው። ቀጥሎ የሎግ ቀን ጥምዝ ይሣል። ጥምዙ በአግድሙ መስመር ላይ ከ1 ተነሥቶ ወደ ሬክታንግሉ የላይኛው ቀኝ ጥግ ይደርሳል፤ ሬክታንግሉንም ለሁለት ይከፍለዋል። ከጥምዙ በታች በስተቀኝ ያለው ክፍል የምንፈልገው ኢንቴግራል ነው። ከጥምዙ በስተግራ ያለው ክፍል ደግሞ ሬክታንግሉን ከጎን ሲመለከቱት ከኤ^ቀ ጥምዝ በታች ከ0 እስከ 1 ያለው ስፋት ነው፤ ይኸውም ኤ − 1 = 1.718 ገደማ ነው። ስለዚህ የቀኙ ክፍል ኤ − (ኤ − 1) = 1 ይሆናል።

በቀመሩም ብንሠራው ቀ · ሎግ ቀ − ቀ በኤ ላይ ኤ − ኤ = 0፣ በ1 ላይ 0 − 1 = −1 ስለሆነ ልዩነቱ 0 − (−1) = 1 ነው። ሥዕሉና ቀመሩ ተስማሙ። የፍየል ነጋዴው ሒሳብም ይኸው ሬክታንግል ነው፤ የአንዱ ጎን ቁጥር፣ የሌላው ጎን ዋጋ ነው።

6. ዘዴው ሁለት ጊዜ ሲያስፈልግ

አንዳንድ ጊዜ አንድ ዙር አይበቃም። ∫ ቀ² · ኤ^ቀ ድቀ ሲሰጥ ሀ = ቀ²፣ ለ′ = ኤ^ቀ ብለን ቀ² · ኤ^ቀ − ∫ 2ቀ · ኤ^ቀ ድቀ እናገኛለን። ቀ² ወደ 2ቀ ወርዷል። ዘዴውን እንደገና ስንጠቀም 2ቀ ወደ 2 ይወርዳል፤ መልሱም፦

(ቀ² − 2ቀ + 2) · ኤ^ቀ + ቋ

ይሆናል። ምልክቶቹ +፣ −፣ + እየተፈራረቁ መሄዳቸውን ተማሪው ያስተውል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ የመቀነስ ምልክት ስለሚገባ ነው።

ሌላው ዓይነት ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለሰው ነው። ∫ ኤ^ቀ · ኮሳይን ቀ ድቀ የሚለውን «ጠ» እንበለው። ሀ = ኮሳይን ቀ፣ ለ′ = ኤ^ቀ ስንል፦

ጠ = ኤ^ቀ · ኮሳይን ቀ + ∫ ኤ^ቀ · ሳይን ቀ ድቀ

ለሁለተኛው ኢንቴግራል ሀ = ሳይን ቀ፣ ለ′ = ኤ^ቀ ስንል፦

ጠ = ኤ^ቀ · ኮሳይን ቀ + ኤ^ቀ · ሳይን ቀ − ጠ

ብዙ ተማሪዎች እዚህ ሲደርሱ «ዞሬ ዞሬ እዚያው መጣሁ» ብለው እርሳሳቸውን ያስቀምጣሉ። በእርግጥ ግን ጨርሰዋል። ጠን እንደ ማንኛውም ያልታወቀ ቁጥር ወደ ግራ አሻግረን 2ጠ ካልን በኋላ ለ2 ማካፈል ብቻ ነው የሚቀረው፦

ጠ = ½ኤ^ቀ · (ሳይን ቀ + ኮሳይን ቀ) + ቋ

ጥንቃቄ የሚያሻው በሁለተኛው ዙር ላይ ነው። በመጀመሪያው ዙር ኤ^ቀን «ለ′» ካልነው በሁለተኛውም ይኸው መሆን አለበት። አገላብጠን ሀ = ኤ^ቀ ካልነው የሠራነውን መልሰን እናፈርሰዋለን፤ መጨረሻውም ጠ = ጠ ይሆናል። እውነት ቢሆንም አንዳች አይጠቅምም።

7. 0 = 1 ይሆናልን?

የክፍሉ ተማሪዎች ዘዴውን ከለመዱ በኋላ መምህሩ የሚከተለውን ቢያቀርብላቸው ጥሩ ክርክር ይነሣል። ∫ (1/ቀ) ድቀን በዚሁ ዘዴ እንሥራው። ሀ = 1/ቀ፣ ለ′ = 1 እንበል። ሀ′ = −1/ቀ²፣ ለ = ቀ ነው። ስለዚህ፦

∫ (1/ቀ) ድቀ = (1/ቀ) · ቀ + ∫ (1/ቀ²) · ቀ ድቀ = 1 + ∫ (1/ቀ) ድቀ

ከሁለቱም ወገን ኢንቴግራሉን ብንቀንስ 0 = 1 ይመጣል! ስሕተቱ የት ነው?

መምህሩ መልሱን ቶሎ ባይነግራቸው ይመረጣል። መልሱ «ቋ» በሚለው ላይ ነው። ወሰን ያልተሰጠው ኢንቴግራል አንድ ፈንክሽን ሳይሆን በቋሚ ቁጥር ብቻ የሚለያዩ ብዙ ፈንክሽኖች ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ኢንቴግራሎች በ1 ቢለያዩ ተቃርኖ የለም። ወሰን ሰጥተን ከ1 እስከ 2 ብንሠራው የመጀመሪያው ክፍል 1 − 1 = 0 ስለሚሆን እንቆቅልሹ ይጠፋል። «ቋን መጻፍ ለምን አስፈለገ?» ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

8. ለመምህራን የቀረቡ ማሳሰቢያዎች

በተማሪዎች ደብተር ላይ አዘውትረው የሚታዩት ስሕተቶች የሚከተሉት ናቸው፦

1ኛ/ ሁለቱን ተባዢዎች ለየብቻ ኢንቴግራል ሠርቶ ማባዛት። ከላይ በክፍል 1 እንደታየው ዴሪቬቲቭ ሲወሰድ ወዲያው ይጋለጣል።

2ኛ/ ምልክት ማሳሳት። የሳይን ቀ ኢንቴግራል −ኮሳይን ቀ ሲሆን፣ ከቀመሩ የመቀነስ ምልክት ጋር ሲገናኝ ወደ መደመር ይለወጣል። ተማሪው ሁለቱን ምልክቶች በአንድ ጊዜ በሐሳቡ ከሚያጣፋ በቅንፍ ውስጥ ቢጽፋቸው ይሻለዋል።

3ኛ/ ወሰን ባለው ኢንቴግራል ላይ ወሰኑን በ«ሀ · ለ» ላይ አለማዋል። ለምሳሌ ∫ ቀ · ኤ^ቀ ድቀ ከ0 እስከ 1 ሲሠራ ቀ · ኤ^ቀ − ኤ^ቀ ካገኘን በኋላ በ1 ላይ 0፣ በ0 ላይ −1 ስለሚሆን መልሱ 1 ነው። ወሰኑን በሁለተኛው ክፍል ላይ ብቻ ያዋለ ተማሪ የመጀመሪያው ክፍል ቀን እንደያዘ ይቀርበታል፤ መልሱም ቁጥር ሊሆን አይችልም።

4ኛ/ ዘዴው በማያስፈልግበት ቦታ መጠቀም። ∫ ቀ · ኤ^(ቀ²) ድቀ በመተካት ዘዴ በአንድ መስመር ያልቃል። ብዜት ሁሉ በዚህ ዘዴ ይሠራ ማለት አይደለም።

በጠቅላላው መምህሩ ትምህርቱን ከቀመሩ ባይጀምር ይመረጣል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የብዜት ዴሪቬቲቭን ከልሶ፣ የነጋዴውን ሒሳብ አሠርቶ፣ ቀመሩን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያወጡት ቢያደርግ ጊዜ የባከነ ሊመስል ይችላል፤ በኋላ ግን ይካካሳል። በኬንያ በኩል ያለው መምህርም ዘዴው በፎርም አራት ባይጠየቅም የብዜት ሐሳቡንና በዴሪቬቲቭ የማረጋገጥን ልማድ ለጎበዝ ተማሪዎቹ ቢያስይዛቸው ለወደፊቱ ስንቅ ይሆናቸዋል።

መልመጃ

የሚከተሉትን ሥሩ። እያንዳንዱን መልስ ዴሪቬቲቩን በመውሰድ አረጋግጡ።

1. ∫ ቀ · ኤ^ቀ ድቀ
2. ∫ ቀ · ሳይን ቀ ድቀ
3. ∫ ቀ · ሎግ ቀ ድቀ
4. ∫ ቀ² · ኮሳይን ቀ ድቀ
5. ∫ ኤ^ቀ · ሳይን ቀ ድቀ

መልስ

1. (ቀ − 1) · ኤ^ቀ + ቋ
2. −ቀ · ኮሳይን ቀ + ሳይን ቀ + ቋ
3. (ቀ²/2) · ሎግ ቀ − ቀ²/4 + ቋ
4. ቀ² · ሳይን ቀ + 2ቀ · ኮሳይን ቀ − 2ሳይን ቀ + ቋ
5. ½ኤ^ቀ · (ሳይን ቀ − ኮሳይን ቀ) + ቋ

መደምደሚያ

መልሶቹ ከዚህ በላይ የተሰጡት ተማሪው እንዲመለከታቸው ሳይሆን ራሱ ካረጋገጠ በኋላ እንዲያስተያያቸው ነው። መልስ የማይሰጥበት መጽሐፍ ብዙ ነው፤ የፈተና ወረቀትም መልስ ይዞ አይመጣም። ዴሪቬቲቭን በትክክል የሚወስድ ተማሪ ግን በካልኩለስ ውስጥ አራሚውን በእጁ ይዞ ነው የሚዞረው። ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ያለ ተማሪ ይህን ልማድ ከያዘ፣ ያልተማረው ቀመር ቢመጣበት እንኳ ከየት እንደመጣ መርምሮ ለማግኘት አያዳግተውም።